ዶጅ ቻርጀር ቀለም ሳይቀባ በፊት

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ ደክማችሁ፣ ስለ ላሜራና የላሜራ ጉድጓድ ስለሚሞላበት ስቱኮ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

የምናወራው ፈረንጆቹ መስል ካር ስለሚሏቸው የቆዩ የአሜሪካ መኪኖች ነው። ብዙ ሰው ታሪካቸውን ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይጀምራል። ከዚያ እስከ ሰባዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዲትሮይት ትልልቅ ቪ8 ሞተር የተጫነባቸውን ባለሁለት በር መኪኖች በብዛት አወጣች። ስለ ሞተራቸው ብዙ ተብሏል። እኔ ዛሬ ኮፈኑን ዘግቼ ስለ ቦዲው ብቻ ነው የማወራው።

በደፈናው እንዳናወራ አንድ መኪና ልምረጥ። የ1968 ዶጅ ቻርጀር። በጣም የምወደው መኪና ነው። ለቀለም ሠሪም ከባድ ፈተና ነው። ርዝመቱ ከአምስት ሜትር ከሩብ ያልፋል። ጎኑ በሩ አካባቢ ሸንቀጥ ይልና ከኋላ ጎማው በላይ ትከሻ ያወጣል። በሮቹ ላይ ጎድጎድ ያሉ ቅርጾች አሉ። ኮፈኑም ላይ እንዲሁ አለ፤ የፍሬቻ መብራቶቹ እዚያ ውስጥ ገብተዋል። የኋላ መስታወቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ተቀምጧል፤ ጣሪያው ደግሞ በግራና በቀኝ አልፎት ወደ ኋላ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ጎን ላይ አንጸባራቂ ቀለም ሲያርፍ፣ የብርሃኑ መስመር ከፊት ፓራፋንጎ (የፊት ጎማውን ከሚሸፍነው ላሜራ) ተነስቶ እስከ ኋላ መብራት ሳይሰበር መሄድ አለበት። መሃል ላይ ከተንቀጠቀጠ ሥራው ገና ነው። ያንን መስመር የሚያወጣው ከቀለሙ ሥር ያለው ዝግጅት ነው። እዚህ ሥራ ላይ እያንዳንዱ እርከን የቀደመውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስተካክለውም። ከሥር የቀረ ነገር ቀን ጠብቆ ይወጣል። የማወራው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ገና ልትገዙ ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ይኑር። ቀለሙን እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት። ላሜራ ላይ ይይዛል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይይዝም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ የበለጠ ይነግራችኋል። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። መለኪያው ከ1000 በላይ ካሳየ ሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ያመጣው ቻርጀር ላይ፣ ከኋላ ግራ ጎማው በላይ ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። መኪናው ከሩቅ ሲታይ ልብ ይሰርቃል፤ ደማቅ ቀይ ነው። በሻካራ ዲስክ ከፈትነው። መጀመሪያ ቀዩ ቀለም ሄደ። ከዚያ ከቀለም በፊት የሚቀባው ግራጫ ፕራይመር መጣ። ከዚያ ሮዝ ስቱኮ። ከሮዙ ሥር ሌላ አረንጓዴ ስቱኮ፣ የጣት ውፍረት ያለው። ከአረንጓዴው ሥር በሪቬት የተመታ ስስ ቆርቆሮ ብቅ አለ። ቆርቆሮውን ስናነሳ የበሰበሰው የመጀመሪያው ላሜራ እንዳለ ከኋላው ተቀምጧል፤ እጅ ሲነካው ይረግፋል። ማን እንደሠራው አይታወቅም። መኪናው ብዙ እጅ ቀይሯል። ዝገቱ ግን ያን ሁሉ ዓመት ሥራውን አላቋረጠም።

ቻርጀር የት የት እንደሚዝግ የታወቀ ነው። ቀዳሚው ቦታ የኋላ መስታወቱ ግርጌ ነው። ውሃ እዚያ ይተኛል፤ በመስታወቱና በኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን መካከል ያለችውን ጠባብ ላሜራ ይበላታል። ከዚያ ወደ ዕቃ መጫኛው ወለል ይንጠባጠባል። የቪኒል ጣሪያ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቪኒሉን ሳትገፍፉ ዋጋ አትቁረጡ። እርጥበት ሥሩ ይታፈናል፤ ላሜራው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ከላይ ምንም አይታይም። የኋላ ጎማ ቅስቶችንና የጎኑን ታችኛ ጫፍም በእጃችሁ ዳብሱ።

መኪናው ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ መግፈፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አሸዋ ይነፋበታል። እኔ ለሰፋፊ ላሜራ አልመክርም። አሸዋው በኃይል ሲመታ የላሜራውን ፊት ይወጥረዋል፤ ኮፈንና በር ላይ ከሆነ ላሜራው ይነፋና መመለሻ የለውም። ደረቅ የሲሊካ አሸዋ ደግሞ አቧራው ሳንባ ያጠፋል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መዳኛ የለውም። ሰፊውን ላሜራ በ80 ቁጥር ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል) በማሽን፣ ወይም በኬሚካል ግፈፉት። መንፋት ለሻንሲው ክፍሎችና እጅ ለማይገባባቸው ማዕዘኖች ይቆይ፤ እሱም በተስማሚ ነገር፣ ልምድ ባለው ሰው እጅ።

ስትገፍፉ ከጣሪያውና ከጎኑ መጋጠሚያ ላይ ግራጫ፣ ለስለስ ያለ ብረት ካገኛችሁ አትደንግጡ። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች የብየዳ መገጣጠሚያዎችን በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ይሞሉ ነበር። ጤነኛ ከሆነ ተዉት። በግራይንደር ግን በጭራሽ አትንኩት። አቧራው መርዝ ነው። የዚያን ጊዜ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ቀለሞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ የእርሳስ ክሮሜት አለባቸው። ስለዚህ የድሮ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስትፈጉ ደህና የአቧራ ማስክ አድርጉ፤ የሥራ ልብሳችሁን ይዛችሁ ልጆች ወዳሉበት ቤት አትግቡ።

የዛገው ተቆርጦ ይውጣ። በዝገት ላይ የሚቀባ ፈሳሽ ለቀጭን የገጽ ዝገት ይጠቅም ይሆናል፤ ለተበላ ላሜራ ግን አይሆንም። አዲሱ ቁራጭ ሲበየድ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ፣ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየዘለላችሁ፣ እንዲቀዘቅዝ እየጠበቃችሁ ይሁን። አንድ መስመር ሳትቋረጡ ከበየዳችሁ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ከዚያ በኋላ ጥምመቱን በስቱኮ ለመደበቅ ትገደዳላችሁ፤ ያ አረንጓዴ ስቱኮም እንዲሁ ነው የጀመረው።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ስቱኮ ከመነካቱ በፊት መኪናው በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ፣ በሮቹ፣ ፓራፋንጎዎቹና ኮፈኑ መገጣጠም አለባቸው። የበሩ የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒውም ይግባ፤ አዲስ ጎሚኒ በሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ቻርጀር ሻንሲና ቦዲው አንድ ላይ የተበየደ ነው። በማቆሚያ ላይ ሲሰቀልና መሬት ሲረግጥ ክፍተቶቹ ሊለያዩ ይችላሉ። አሠላለፉ ከኋላ ይጀምራል፤ የኋላው ጎን የተበየደ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። በሩን በእሱ ልክ፣ ፓራፋንጎውን በበሩ ልክ፣ ኮፈኑን በፓራፋንጎው ልክ። ብዙ ሠሪ ክፍተቱን አምስት ሚሊሜትር አካባቢ ያደርገዋል። ፋብሪካው ራሱ በዚያ ዘመን እንዲህ አልተጨነቀም። መኪኖቹ ከዲትሮይት ሲወጡ አንዱ ክፍተት ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ነበር። እኔ ግን በእጅ ለሚሠራ መኪና የተሻለ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ተገጣጥሞ ከተስተካከለ በኋላ ኢፖክሲ ፕራይመር። ባዶ ብረት ማደር የለበትም፤ እርጥበት ባለበት አገር በአንድ ሌሊት ቀላ ማለት ይጀምራል። በ80 ቁጥር ተፍቆ፣ በቅባት ማስወገጃ ይጠረጋል። ሁለት ጨርቅ ያዙ። አንዱ እርጥብ፣ ሁለተኛው ደረቅ። ፈሳሹ ሳይደርቅ በሁለተኛው ካልተነሳ ቅባቱን ከቦታ ቦታ አዛወራችሁት እንጂ አላጸዳችሁትም። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት።

ስቱኮው በባዶ ብረት ላይ ይሁን ወይስ በኢፖክሲ ላይ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሠሪ አላቸው። እኔ ኢፖክሲ ላይ ነው የምጨምረው። ብረቱ አንዴ ከታሸገ እርጥበት በስቱኮው በኩል ቢገባ እንኳ ኢፖክሲው ያግደዋል። ከኢፖክሲው ጋር የሚመጣው መመሪያ በስንት ቀን ውስጥ ሳይፈጋ መቀጠል እንደሚቻል ይናገራል። ቀኑ ካለፈ ፈግታችሁ ቀጥሉ።

ስቱኮ ስድብ አይደለም። አንዳንድ ሰው መኪናው ስቱኮ አለበት ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። በሥርዓት የተሠራ፣ ስስ ስቱኮ የሌለበት ቀጥ ያለ ትልቅ ጎን ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ችግሩ ውፍረቱ ነው። መጀመሪያ በመዶሻና በደንገላ (ከላሜራው ጀርባ በሚያዝ ብረት) ላሜራውን ወደ ቦታው መልሱ፤ ስቱኮው ከሁለት ሦስት ሚሊሜትር ባያልፍ ይመረጣል። ስድስት ሚሊሜትር ከደረሰ ላሜራው ላይ ያልተሠራ ሥራ አለ።

ስታዋህዱት በካርቶን ላይ አታድርጉት፤ ካርቶኑ የስቱኮውን ፈሳሽ ይመጠዋል። ለስላሳ ፕላስቲክ ወይም ብረት ላይ ይሁን። ስቱኮውን የሚያጠነክረው ሃርድነር ሁለት በመቶ አካባቢ ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ስታበዙት ትርፉ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይልና እድፍ ይሆናል። አትምቱት፣ አታጥፉት፤ ስቱኮውን በማንኪያው እየጫናችሁ ጎትቱት። አየር ከገባበት ሲፈጋ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ቀለሙ አንድ እስኪሆን ድረስ ካዋሃዳችሁት ለመቀባት ያላችሁ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሥራው ልብ ነው። መፈግፈግ። በጣት አይደለም፤ በረጅም ሰሌዳ። ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፤ ረጅም ሰሌዳ ግን ከጉድጓዱ በላይ ተሻግሮ ከፍታውን ብቻ ይቆርጣል። ለቻርጀር ጎን ከግማሽ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው፣ ትንሽ የሚታጠፍ ሰሌዳ ያስፈልጋል። በሩን ዝጉትና በሩንና የኋላውን ጎን እንደ አንድ ላሜራ፣ ክፍተቱን ተሻግራችሁ ፈጉ። እንቅስቃሴው አግድም ብቻ እንዳይሆን፤ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ በሰያፍ፣ አንዴ ከግራ ወደ ቀኝ በሰያፍ። የበሩ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ሰሌዳው አይገባም። እዚያ በልኩ የተቆረጠ የጎማ ቱቦ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልላችሁ ሥሩ። የጉድጓዱ ጠርዝ ስለታም መሆን አለበት፤ ከሟሟ ቻርጀርነቱ ይጠፋል።

ከመፈግፈጋችሁ በፊት ፊቱን ስስ ጥቁር ዱቄት ወይም ስስ ጥቁር ቀለም አልብሱት። ሰሌዳው ሲያልፍ ከፍ ያለው ቦታ ይጠራል፤ ዝቅ ያለው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ዓይን የማያየውን ያሳያችኋል። በሌላው ሁሉ ጥቁሩ ሳይጠፋ አንድ ቦታ ላይ ባዶ ብረት ብልጭ ካለ አቁሙ። እዚያ ላሜራው ከፍ ብሏል፤ ዙሪያውን በስቱኮ ከማሳደግ በመዶሻ ቀስ ብሎ ዝቅ ማድረግ ይሻላል። እጃችሁን ደግሞ እመኑት። ስስ የጨርቅ ጓንት አድርጋችሁ መዳፋችሁን በሙሉ አሳርፉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከፊት ወደ ኋላ በረጅሙ ሂዱ። ሞገድ ካለ መዳፍ ያውቀዋል።

ከዚያ ወፍራሙ የዩሬቴን ፕራይመር ይረጫል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። መርጫው ላይ 1.8 ሚሊሜትር አካባቢ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ለቀለምና ከቀለም በላይ ለሚረጨው ግልጽ ሽፋን፣ ለክሊር ግን 1.3 ወይም 1.4 ይበቃል። በ180 ቁጥር በሰሌዳ፣ እንደገና ጥቁር ዱቄት፣ በ320፣ ከዚያ በ400። ብረታማ ቀለም ከሆነ እስከ 600። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፕራይመር ቀስ እያለ ይሰበሰባል። በሚገባ ሳይደርቅ ቀለም ከጫናችሁበት፣ ያስረከባችሁበት ቀን መስታወት የመሰለው ጎን ከሳምንታት በኋላ የብርጭቆ ወረቀቱን ጭረት ሁሉ ያወጣል። ደንበኛው ቀለሙ መጥፎ ነበር ይላል። ቀለሙ ምንም አላጠፋም።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ነገር ላይ ደርሰናል። እናንተ ውስጥ አገር ቤት ባትላሜራና ቀለም ቤት የሠራችሁ አላችሁ። አፍን በጨርቅ አስሮ መርጨት አይታችኋል። የዛሬው ዩሬቴን ፕራይመርና ክሊር ሃርድነር ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያመጣል። ሰውነት አንዴ ከተቆጣበት ከዚያ በኋላ ኢምንት መጠን እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከሙያው እስከ መውጣት ያደርሳል። ኬሚካሉ ደግሞ በጠረኑ ቀድሞ አያስጠነቅቅም፤ ሽታው እስኪሰማችሁ ድረስ መጠኑ ከአደገኛው አልፎ ሊሆን ይችላል። የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ማለቁን በአፍንጫችሁ ማወቅ አትችሉም። ስለዚህ ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚያመጣ ማስክ ተጠቀሙ። በቆዳም ይገባል፤ ጓንት፣ ሙሉ ልብስ፣ የዓይን መከላከያ። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ አትርጩ፤ ፎቅ ላይ ልጅ ተኝቷል። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ዝግጅቱን ራሳችሁ ሥሩና መርጨቱን ደህና ክፍል ላለው ሰው ስጡ። ከሥራው ትልቁን ድርሻ ያኔም የሠራችሁት እናንተ ናችሁ። የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 ባወጣው ደንብም በሙያው የሚሠሩ ጋራዦች የሠለጠነ ቀቢ፣ ማጣሪያ ያለው ክፍልና ቀለም የማያባክን መርጫ እንዲኖራቸው ይጠበቃል።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ መኪናው ሲወለድ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚነግር ሰሌዳ አለ። የዶጅ እናት ኩባንያ በነበረው በክራይስለር መኪኖች ላይ ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ በሹፌሩ በኩል ፓራፋንጎው ውስጠኛ ላሜራ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ተመትቷል። ኮዱ እዚያ ላይ ነው። የ1970 ቻርጀር ላይ ኤፍ ሲ 7 ካያችሁ ያ ታዋቂው ሐምራዊ፣ ፕለም ክሬዚ ነው።

ያኔ ክራይስለርና ፎርድ አክሪሊክ ኢናሜል ይቀቡ ነበር፤ ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ አክሪሊክ ላከር። ክሊር የሚባል ነገር ከላይ አልነበረም። ዛሬ አብዛኛው ሰው ቤዝ የሚባለውን የቀለም ንጣፍና ከላዩ ክሊር ይመርጣል። ለብረታማ ቀለም እስማማለሁ። ለ1968 ደማቅ ቀይ ግን ክሊር የሌለው ዩሬቴን ይሻለኛል። ጥልቀቱ የዘመኑን መልክ ይይዛል፤ ከመጠን ያለፈ የብርጭቆ ብልጭታ የለውም። ጥቁር ልትቀቡ ካሰባችሁ ደግሞ ዝግጅቱን እንደገና ፈትሹ። ጥቁር ምንም አይምርም።

የመርጨቱ ቀን ክፍሉ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ላሜራው ራሱ መሞቅ አለበት፤ አየሩ ብቻ ሞቆ ብረቱ ከቀዘቀዘ ጤዛ ይይዛል። ከኮምፕሬሰሩ የሚመጣው አየር ውሃና ዘይት የሚያጠምድ ማጣሪያ ይለፍ። ሲሊኮን ያለበት የጎማ ማብረቂያ በዚያ ሕንጻ ውስጥ እንኳ አይኑር፤ ጠብታው ቀለሙን ክብ ክብ አድርጎ ይከፍተዋል። ወለሉን በውሃ አርሱ። መጀመሪያ የበሮቹ ውስጠኛ ጠርዞች፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ጎኖቹ።

መርጫው ከላሜራው ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ። እያንዳንዱ ማለፊያ የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። የእጅ አንጓችሁን አታዙሩ፤ ከመርጫው ጋር በእግራችሁ ሂዱ። የቻርጀር ጎን አምስት ሜትር ነው፤ መሃል ላይ ቆማችሁ ቱቦ እንዳትፈቱ ሳትረጩ አንዴ መንገዱን በእግራችሁ ተለማመዱት። በማለፊያዎቹ መካከል የቀለሙ ፋብሪካ የጻፈውን የመትነኛ ጊዜ ጠብቁ። ብረታማ ቀለም ከሆነ በሩ፣ ኮፈኑና ፓራፋንጎው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅልቅል፣ መኪናው ላይ በሚቀመጡበት አቅጣጫ ይቀቡ። የብረቱ ቅንጣቶች በተለያየ መንገድ ከተኙ አንድ ኮድ ሁለት ቀለም ይሆናል።

ክሊሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይረጫል። ሲደርቅ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎርበጥ ካለ በውሃ በ1000፣ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 ቁጥር ይፈጋል፤ ከዚያ በማሽን ይወለወላል። የቻርጀር ጎን ስለታም መስመሮች ላይ ክሊር ስስ ነው። መስመሮቹን በፕላስተር ሸፍናችሁ ፈጉ፤ ፕላስተሩን አንስታችሁ መጨረሻ ላይ በእጅ ብቻ ንኳቸው። በማሽን አንድ ሰከንድ የበለጠ መቆየት ቤዙን ያወጣዋል።

አንድ የመጨረሻ ሥራ አለ። የጎኖቹና የበሮቹ ውስጥ ባዶ ብረት ከሆነ ዝገቱ ከውስጥ ይመለሳል። በረጅም ቀጭን ቱቦ ለባዶ ክፍተቶች የተሠራ ዝገት ተከላካይ ሰም ይረጭበት። ከበሮቹና ከጎኖቹ ሥር ያሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በስቱኮ፣ በማሸጊያ ወይም በቀለም ተደፍነው እንደሆነ በሽቦ ክፈቷቸው። አዲሱን ቀለም ደግሞ ፋብሪካው የጻፈው ጊዜ እስኪያልፍ በሰም አትሸፍኑት፤ ውስጡ ያለው ማቅጠኛ (ቲነር) ተንኖ መውጣት አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ። ስልካችሁ ላይ የመኪናችሁ ፎቶ ካለ አምጡት፤ አብረን እናየዋለን።